ከአናት በስተኋላ

በሴንት አንድሩስ ወደብ ባሕሩ ሲገለል፣
ጀልባው እንደ ሰካራም ጭቃ ላይ ሲንጋለል፣
ከሰባተኛው በረት፣ በበረዶ ሣጥን፣
ኤልዉድ ተሸክሞ መጣ ስድስት የሞተ ሳልሞን።
«ይኸው ክትባትሽ» አለኝ ሣጥኑን ጥሎ፣
«ተወጋም አልተወጋም፣ ሞተልሽ ተከታትሎ።»

ዝም አልኩት።
ዓሣም ዝምተኛ ነው፤ አይልም «አመመኝ»፤
አያስል፣ አያቃስት፤
ከመንጋው ተለይቶ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ነው ነገሩ የሚገባኝ።

ስንጥቡን ገለጥኩት፤ ደም የለሽ፣ ገርጥቶ፤
ከክንፉ ሥር ነቁጥ፤ ጣፊያው ደም ጠጥቶ።
«ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» ያለ፣
ያ ተራች ሰውዬ ዛሬም በሕይወት ካለ፣
መጥቶ ባየልኝ፦ ከአናት በስተኋላ፣
ከአከርካሪው ሥር፣ ጥቁር ቀይ ገላ፣
እንደ ረጋ ደም ቀጥኖ የተኛ፤
ስሙ ኩላሊት ነው፣ ሥራው ግን መውለድ ነው፤ የሚወልደው ዘበኛ።
ዓሣ መቅኒ የለውም፤ አጥንቱ ደረቅ ነው፤
የደሙን ወታደር የሚፈለፍለው
እዚሁ ነው፣ እዚች፣ ጣት በማታህል ክር፤
መግማትም መዳንም ከአንድ ሰፈር ሲጀምር።

ከላይ ደግሞ ልብስ አለው፣ የዝልግልግ ኩታ፣
ረቂቅ ደባሎች የሞሉት በተርታ፤
ኪራይ አይከፍሉም፤ ግን ባዕድ ሲመጣ
ቦታ ይነፍጉታል፣ መግቢያ እስኪያጣ።

ይህን ሁሉ ለኤልዉድ ልነግር አሰብኩና ተውኩ፤
እጁ በብርድ ደንዝዞ ነበር፤ ሻይ ብቻ ቀዳሁ፣ አቀረብኩ።

ከኩላሊቱ ቀንሼ ሳህን ላይ አሰመርኩ፤
የበረቱን ቁጥር ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ፤
ሁለት ሌሊት አደረ፤ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ
በስድስቱም ሳህን ነጠብጣብ፣ ቅቤ መሳይ፣ አንድ በአንድ።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ አወጣሁ፤
በማይክሮስኮፕ አጎንብሼ ዓይን ለዓይን ተያየሁ፤
የጥፍር ቁራጭ መስሎ ጎበጥ ያለ ፍጡር፣
አንዲት ጭራ ብቻ፣ አንድ ሐሳብ ብቻ፦ መዞር።

ለዚሁ አልነበር እንዴ፣ በኤፕሪል መባቻ፣
ከሊጋያ ጋራ፣ እኔና እሷ ብቻ፣
በማደንዘዣ ውኃ የተኙትን ዓሦች
ሆድ ሆዳቸውን የወጋን፣ እንደ ሕፃን ክንዶች?
(ሊጋያ በያንዳንዱ መርፌ «ይቅርታ» ትላለች፤
አሥር ሺህ ይቅርታ! ማታ ጣቷ አብጦ ማንኪያ አልይዝ አለች።)

መዝገቡን ከፈትኩ።
ዓሣ የራሱ ሙቀት የለው፤ ደሙ የባሕሩ ነው፤
መርፌ የቀሰቀሰው ዘበኛ የሚነሣው ውኃው ሲፈቅድ ነው።
ስለዚህ ቀን አንቆጥርም፤ ሙቀት እንቆጥራለን፤
ስምንት ዲግሪ የዋለውን አንድ ቀን ስምንት እንለዋለን፤
አራት መቶ ሲሞላ ወደ ባሕር እንሸኛለን።
መዝገቡ የሚለው፦ ሦስት መቶ ሃምሳ አራት።
አርባ ስድስት ጎዶሎ።
የስድስት ቀን ትዕግሥት ያነሰው ክትባት።
ከሥሩ የኤልዉድ ፊርማ፣ ከጎኑም በእርሳስ አጭር ቃል፦
«የጀልባው ኪራይ ዓርብ ያልቃል።»

ደወልኩለት።
«ስንት ጎደለ?» አለኝ። «አርባ ስድስት» አልኩት።
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ባሕሩ ሲመለስ ሰማሁት።

ልወቅሰው ቃል መርጬ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስስል፤
ግን የእኔስ ዓይን የት ነበር ያ መዝገብ ሲፈረም፣ ያ ዓርብ ሲደርስ፣ ሲያልፍ፣ ሲያድል?
ቅጂው በመሳቢያዬ ነበር። አላየሁትም።

በማግሥቱ መጣ፤ ሣጥን የለ፣ ሰላምታ የለ፤
ቴርሞሜትር በገመድ ከወደቡ ጫፍ ጣለ፤
እስኪረጋ ጠበቀ፤ እኔም አብሬው ጠበቅኩ፤
«ስምንት ተኩል» አለኝ።
ስምንት ተኩል ጻፍኩ።